ይስማው የማን ልጅ ነው

[ሰቆጣ፤ የነጭ ማር አምራቾች ማኅበር ቢሮ። ጠባብ ክፍል ናት፤ ከጀርባዋ የማር መጋዘኑ፣ ከፊቷ ደግሞ አባላቱ ፀሐይ እየሞቁ የሚጠብቁበት ግቢ። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒዩተር አለ። ከጠረጴዛው ሥር ማኅበሩ ኢሜይል የሚልክበት ጥቁር ሰርቨር ተቀምጧል፤ ጋቢ ለብሷል። የሰርቨሩ ኃላፊ ምንይሉ ሲገባ ይህን አይቶ በሩ ላይ ቆመ። የማኅበሩ ሊቀመንበር አያ ገበየሁ ጥግ ላይ በሸሚዝ ብቻ ተኮራምተው ተቀምጠዋል።]

ምንይሉ፦ አያ ገበየሁ፣ ይሄን ጋቢ ያለበሰው ማነው?

ገበየሁ፦ እኔ ነኝ። ስገባ ሲንቀጠቀጥ አገኘሁት። የሰቆጣ ብርድ እንኳን ሰው ብረትም አይችለው።

ምንይሉ፦ በርዶት አይደለም። ውስጡ ያለው ማራገቢያ ነው። እንዲያውም ሞቆት ነው የሚንቀጠቀጠው።

ገበየሁ፦ ሞቆት የሚንቀጠቀጥማ ወባ የያዘው ነው። አበርገሌ ቆላ ወርዶ ነበር እንዴ?

ምንይሉ፦ ኧረ የትም አልወረደም። ጋቢውን ያንሱለት።

ገበየሁ፦ አንተ አንሳው። እኔ ያለበስኩትን መልሼ አልገፍም፤ ነውር ነው።

ምንይሉ ጋቢውን ገፎ ለባለቤቱ መለሰ። በልቡ «የዚህ ሰውዬ አለማወቅስ ልክ የለውም» አለ። ምንይሉ ራሱ ግን የማያውቀው ነገር የለም፤ ይህን የሚለውም ምንይሉ ራሱ ነው። ሌላው ሰው በስልኩ ላይ በነጻ የሚያገኘውን ኢሜይል ንቆ፣ «ስም ያለው ማኅበር በሰው ደጅ አይላላክም» ብሎ የቀድሞውን ሊቀመንበር አሳምኖ፣ ሊኑክስ የሚባለውን ነገር ሰርቨሩ ላይ ጭኖ ማኅበሩን የራሱ ኢሜይል ባለቤት ያደረገው እሱ ነው። ሊኑክስ ምንድነው ብሎ የሚጠይቀው ሰው ሲመጣ «ለናንተ ማስረዳት ይከብዳል» ብሎ ያልፋል። የሚከብደው ለማን እንደሆነ ግን እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

ዛሬ ነገሩ ከሯል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ገዢ የዘንድሮውን ነጭ ማር ጠቅልሎ ሊወስድ ተስማምቷል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማኅበሩ ከራሱ አድራሻ «ተስማምተናል» የሚል ኢሜይል ዛሬ ቢሮ ሳይዘጋ ማድረስ አለበት። ካልደረሰ ገዢው ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። ኢሜይሉ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ይላካል፣ አይደርስም። እስካሁን በጊዜያዊነት የሚሠራው ምንይሉ ቋሚ ይሁን አይሁን የሚባለውም ዛሬ ነው። ማሩ መጋዘን ከቀረ ቋሚ ማድረጉ ቀርቶ፣ ግቢውን አቋርጦ በሰላም መውጣቱም ያጠራጥራል።

አያ ገበየሁ ስልክ ተደውሎ በቃል ይነገር ብለው ነበር። ምንይሉ ገዢው በጽሑፍ፣ ያውም ከማኅበሩ አድራሻ ካልሆነ አልቀበልም ማለቱን አስረዳ። እንግዲያው ለምን አይደርስም ሲሉት፣ ኔትወርኩ ነው አለ። ኔትወርኩ አለ ሲሉት፣ ትናንት መብራት ስለሄደ ነው አለ። መብራቱ ከመጣ ቆየ ሲሉት፣ የአዲስ አበባ ሰዎች ገጠር ስለሚንቁ ነው አለ። ይሄኛው ለአያ ገበየሁ ሳይዋጥላቸው አልቀረም፤ ሆኖም ወደ ሰርቨሩ ጎንበስ አሉ።

ገበየሁ፦ እሱ ራሱስ ምን አለ?

ምንይሉ፦ ማን?

ገበየሁ፦ በሽተኛው። ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚጠየቀው ጎረቤት ነው ወይስ ራሱ?

ምንይሉ ሊስቅ ብሎ ተወው። እውነትም ሰርቨሩ የሚያደርገውንና የሚደርስበትን ሁሉ የሚጽፍበት ቦታ አለው። ከትናንት ጀምሮ ያላየው፣ እዚያ መመልከት የአላዋቂዎች ሥራ መስሎት ነው። አሁን ከፈተው። ሲያነብ ድምፁ እየወረደ ሄደ።

ምንይሉ፦ «ላኪው መጣሁበት ያለው ቤት የለም። አጣርተህ ቆይተህ ሞክር» ይላል።

ገበየሁ፦ ላኪው ማነው?

ምንይሉ፦ እኛ ነን።

ገበየሁ፦ እኛ የለንም?

ምንይሉ፦ አለን እንጂ።

ገበየሁ፦ እኔም አለን መስሎኝ ነበር። ታዲያ እነሱ ለምን የላችሁም ይሉናል?

ምንይሉ ማስረዳት ይወዳል። በተለይ ያልገባው ሰው ሲያገኝ ወንበሩን ያመቻቻል። አሁንም አመቻቸ።

ምንይሉ፦ ይኸውልዎት። ኢሜይል ማለት እንግዳ ነው ይበሉ። አዲስ አበባ ደርሶ በር ያንኳኳል። በሩ ላይ ዘበኛ አለ። ዘበኛው ምን ይዘህ መጣህ አይልም፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የማን ቤት ሰው ነህ» ብሎ ነው።

ገበየሁ፦ ደህና ያደገ ዘበኛ ነው። እኛም እንደዚያው ነን።

ምንይሉ፦ እንግዳው የቤቱን ስም ይናገራል። እሱ ዶሜይን ይባላል። ዘበኛው ግን ዝም ብሎ አያምንም። የየቤቱን ስም የሚያውቁ ሌሎች ሰርቨሮች አሉ፤ እነሱ ዘንድ ልኮ «እንዲህ የሚባል ቤት አለ ወይ» ብሎ ያጣራል። ካለ ይግባ፤ ከሌለ ውጭ ይቁም።

ገበየሁ፦ ሽማግሌዎቹን ይጠይቃል በለኛ።

ምንይሉ፦ ሽማግሌዎች አይደሉም። ማለቴ ... እሺ፣ ሽማግሌዎች ይሁኑ።

ገበየሁ፦ ቤቱ ከሌለ፣ ውጭ ቁም። ይሄስ ገባኝ። ዛሬ አንድ ነገር ተማርኩ።

ምንይሉ፦ ቀስ በቀስ ብዙ ይማራሉ።

[ይህን ብሎ የሰርቨሩን ማዘዣ ከፈተ፤ የማኅበሩ ስም የተጻፈበት መስመር ላይ ደረሰ። ዓይኑ እዚያው ቀረ።]

ስሙ ተሳስቷል። በእንግሊዝኛ በተጻፈው ስም ከኤም በኋላ መምጣት የነበረባት ኤ ቀድማ ገብታለች፤ እንዲህ የሚባል ቤት በምድርም በሰማይም የለም። ምንይሉ ስሙን የጻፈበት ቀን ትዝ አለው። የመጋዘን ኃላፊዋ ይመኙሻል በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር፤ እሱም ሊያስደንቃት ፊቱን ወደሷ አዙሮ «እኔ ስጽፍ ጣቴንም ስክሪኑንም አላይም» እያለ ነበር የጻፈው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከዚያ ወዲህ ሰርቨሩን የሞከረው ከራሱ ለራሱ ኢሜይል እየላከ ነው። ከራሱ ለራሱማ በደንብ ይደርሳል፤ ሲደርስም «አያችሁ?» እያለ ሲፎክር ከርሟል።

ይመኙሻል ያን ቀን ያለችውም ትዝ አለው፤ «ብታይ አይሻልም?» ነው ያለችው።

ገበየሁ፦ ምን አገኘህ? ፊትህ ጠቆረ።

ምንይሉ፦ የማኅበሩ ስም ተሳስቶ ተጽፏል።

ገበየሁ፦ ማን ጻፈው?

እዚህ ላይ «እኔ» ማለት አንዲት ቃል ናት። ሰው እንዴት ሁለት ፊደል ያቅተዋል? ምንይሉ አፉን ከፈተ፤ ቃሏ ግን ጉሮሮው ላይ ተቀመጠች። ዛሬ ቋሚ የሚሆንበት ቀን ነው። የማይሳሳት ሰው ነው እየተባለ፣ ያውም በራሱ እየተባለ፣ በቋሚነቱ ቀን ተሳስቶ ሊገኝ ነው። እናም ሌላ ነገር ወጣው።

ምንይሉ፦ ከኔ በፊት የነበረው ሰው ነው።

ገበየሁ፦ ሁሉንም በገዛ እጄ ሠራሁት ያልከኝ አንተ አይደለህ?

ምንይሉ፦ ሁሉንም ማለቴ ... ከስሙ በቀር ሁሉንም።

አያ ገበየሁ ከገጠር መጥተው ሊቀመንበር ከሆኑ ገና መንፈቅ አልሞላቸውም፤ ከዚያ በፊት ሰቆጣ የሚወጡት ለገበያ ብቻ ነበር። ምንይሉ የተማመነው በዚህ ነው፤ ቀድሞ ማን ይሠራ እንደነበር አያውቁም። ስሙን አሁኑኑ አስተካክዬ ኢሜይሉን ልላክ ብሎ እጁን ወደ ቁልፍ ሰሌዳው ሲዘረጋ ግን ሽማግሌው እጁን ያዙት።

ገበየሁ፦ ቆይ፣ አትንካ። የሌባ ዱካ አውጫጭ ሳይቀመጥ አይጠረግም።

ምንይሉ፦ የምን አውጫጭ?

ገበየሁ፦ ጥፋት ተገኘ፣ አጥፊው አልታወቀም። አባላቱ ግቢ ናቸው፤ በየተራ እያማልን እናወጣጣለን። የማኅበራችንን ስም ለውጦ «የለም» ያሰኘ ሰው እንዲሁ ይቀራል?

ምንይሉ፦ አያ ገበየሁ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው እኮ። ይቅር እንበለውና እንለፈው።

ገበየሁ፦ ማንን? ስሙ ሳይታወቅ ይቅር የሚባል ሰው አለ?

ምንይሉ አሰበ። አውጫጭ ከተቀመጠ ፀሐይ እስክትጠልቅ አይነሣም፤ ይመኙሻልም እንደማንኛውም ሰው ልትምል ነው፤ ይመኙሻል ደግሞ ዋሽታ አትምልም። ስም መስጠት ይሻላል። የሞተ ሰው ስም ቢሰጥ ነውር ነው፤ ያለ ሰው ስም ቢሰጥ ኃጢአት ነው። የሌለ ሰው ስም ብሰጥ ግን ማን ይጎዳል ብሎ አሰበ። አይጥ በበላ ዳዋ ይመታል ቢባልም፣ ይሄኛው ዳዋ ከነጭራሹ አልበቀለም።

ምንይሉ፦ ስሙ ይስማው ነው። ይስማው የሚባል ልጅ ነበር። አገር ለቆ ሄዷል።

ገበየሁ፦ ይስማው የማን ልጅ?

ምንይሉ፦ እህ?

ገበየሁ፦ የማን ልጅ ነው? ቤቱ የት ነው?

ምንይሉ፦ የጽጽቃ አገር ልጅ ነው።

[አያ ገበየሁ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።]

ገበየሁ፦ ሚስቴ የጽጽቃ ሰው ናት። ወንድሟ ቤት አይስተውም፤ እሱን እጠይቃለሁ።

ሽማግሌው ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደ በሩ ወጡና በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣንጋ ያወሩ ጀመር። ምንይሉ የከተማ ልጅ ነው፤ ኽምጣንጋ እሰማለሁ ይላል፤ የሚሰማው ግን ሰላምታውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሰላምታው ሲያልቅ ጆሮውም አለቀ። በመሃል «ይስማው» የምትለዋን እየሰማ በየጊዜው ደነገጠ። ሽማግሌው ተመለሱ፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ያዘኑ ይመስላሉ።

ገበየሁ፦ ጽጽቃ ላይ እንዲህ ያለ ቤት የለም አሉ።

ምንይሉ፦ እናቱ ናት የጽጽቃ። አባቱ የአምደወርቅ ሰው ነው መሰለኝ።

ገበየሁ፦ እንደሱ አትለኝም? አምደወርቅ የክርስትና ልጅ አለኝ፤ ገበያው መሃል ነው ሱቁ።

አሁንም ወጡ። አሁንም ሰላምታው ረዘመ፤ የከብቱ ጤና ተጠየቀ፣ የዝናቡ ነገር ተነሣ። ቢያንስ ምንይሉ እንደዚያ መሰለው። ምንይሉ አንድ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት፣ አንድ ዓይኑን ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ አላነሣም። ሽማግሌው ተመልሰው አምደወርቅም እንደሌለ ነገሩት። አልተቆጡም። የልጁን ስም ምናልባት ተሳስተህ ይሆናል፣ አስተካክለህ ንገረኝና እንደገና ልጠይቅ አሉት።

ምንይሉ የመጨረሻውን ጥይት ተኮሰ። ከሁሉ የራቀው፣ መንገዱ ከሁሉ የከፋው፣ ስልኩ አንዳንዴ የሚሠራ አንዳንዴ የማይሠራው አገር ትዝ አለው።

ምንይሉ፦ አሁን አስታወስኩ። አበርገሌ ነው። ታች፣ ወደ ተከዜው። እዚያ እንኳን የሚያገኙት ሰው አይኖርም።

ገበየሁ፦ እንዴት አይኖር? ፍየል የሚሸጥልኝ ወዳጄ እዚያ ነው። አሁን ጮክ ብዬ ማውራት አለብኝ፤ ቆላው ሩቅ ነው።

[ወጥተው ከግቢው ጥግ ድረስ ሄዱ። ጮክ ብለው ሲያወሩ ይሰማል። ምንይሉ ብቻውን ቀረ።]

ምንይሉ ግራ ቀኝ አየ። በገዛ ቢሮው፣ በገዛ ሰርቨሩ ላይ፣ እንደ ሌባ አጎንብሶ ፊደሎቹን በየቦታቸው መለሳቸው። ዛሬ ስክሪኑንም ጣቱንም አየ። ሰርቨሩን ዝም አሰኝቶ እንደገና አስነሣው። ከትናንት ጀምሮ ተሰልፎ የቆመውን ኢሜይል ሂድ ብሎ ገፋው።

ኢሜይሉ ሄደና ተመለሰ። አሁንም «ቤቱ የለም።»

ምንይሉ ራሱን ያዘ። ከዚያ ገባው፤ ኢሜይሉ ከቤት ሲወጣ የተሰጠውን የተሳሳተ ስም እንደያዘ ነው። ቤቱ ስሙን ቢያርምም ቀድሞ የወጣው እንግዳ አልሰማም። አሮጌውን ጣለና ደብዳቤውን ሀ ብሎ እንደገና ጻፈው፤ «ተስማምተናል» አለ፤ የማኅበሩን ስም ከሥሩ አስገባ፤ ላከው። ከዚያ እጆቹን ጉልበቱ መሃል አስገብቶ ተቀመጠ። ለወትሮው የማይጸልይ ሰው አሁን ቅዱሳንን አንድ በአንድ ያስቸግር ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ መልስ መጣ። ደርሶናል፤ ማሩን የሚጭን መኪና እንልካለን፤ እናመሰግናለን።

የምንይሉን ዓይን እንባ ሞላው። የሌላውን አላውቅም፣ የእሱን እንባ ግን ሁለት ነገር አመጣው፤ የማሩ መሸጥ አንድ፣ ማንም ሳያውቅበት ማለፉ ሁለት። ሁለተኛው ሳይበልጥ አልቀረም። ብድግ ብሎ ሊያበስር ሲል አያ ገበየሁ እየሳቁ ገቡ።

ምንይሉ፦ አያ ገበየሁ፣ ደርሷል። ማሩ ተሸጠ። መኪና ሊልኩ ነው።

ገበየሁ፦ ተመስገን። እንግዲያው ቀኑ የደስታ ነው፤ ይስማውም ተገኘ።

ምንይሉ፦ ማን ተገኘ?

ገበየሁ፦ ይስማው። አበርገሌ። ወዳጄ ሄዶ ጠራልኝ፤ አናገርኩት። ጥፋቱን ነገርኩት።

ምንይሉ፦ ምን አለ?

ገበየሁ፦ አመነ።

[ምንይሉ ወንበሩ ላይ መልሶ ተቀመጠ።]

ገበየሁ፦ «አዎ፣ እኔ ነኝ፤ ቸኩዬ ነው፣ ይቅር በሉኝ» አለ። እኔ እኮ ሰው አውቃለሁ ልጄ፤ በስልክ እንኳ ድምፁ ያሳዝናል። ግቢ ላሉት አባላት ወዲያው ነገርኳቸው። እነሱም «በሩቅ አገር ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደው ጥፋቱን ያመነ ሰው ካገኘን ሌላ ምን እንፈልጋለን» አሉ። ቋሚው ሠራተኛ እሱ ይሁን ብለው አጨበጨቡ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ምንይሉ በሌለ ሰው ተሸነፈ። ያውም ስሙን እሱ ባወጣለት፣ አገሩን እሱ በመረጠለት ሰው። ደሙ ፈላ። ያ አበርገሌ ያለ ውሸታም እንዴት ያላጠፋውን ጥፋት የኔ ነው ይላል? ይሄ ስርቆት ነው። የሰው ጥፋት መስረቅ።

ምንይሉ፦ ውሸቱን ነው።

ገበየሁ፦ ምኑን?

ምንይሉ፦ እሱ አላጠፋም። ይሄን ሰርቨር በዓይኑም አላየው።

ገበየሁ፦ ታዲያ ማን አጠፋ?

ምንይሉ፦ እኔ ነኝ።

ያቺ ጉሮሮው ላይ ተቀምጣ የነበረችው ቃል ወጣች። ከወጣች በኋላ ግን ያልጠበቀው ነገር ሆነ፤ አያ ገበየሁ አላመኑትም። አንተማ አትሳሳትም፣ ይሄን ደግሞ ራስህ ነግረኸኛል አሉት። ምንይሉ በማኅተቡ ማለ። እሳቸው በደግነትህ የሰው ጥፋት አትሸከም ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ሥራውን ስለፈለግኸው ነው እንዲህ የምትለው፣ ጥፋት ለመውረስ ምስክር ያስፈልጋል አሉ።

ገበየሁ፦ እውነት አንተ ከሆንክ፣ እንዳጠፋኸው አድርገህ በፊቴ ጻፈውና ልየው።

ምንይሉ፦ አሁን ያዩታል።

[ወንበሩን አመቻቸ። ፊቱን ያን ቀን እንዳደረገው ወደ በሩ አዞረ። ስክሪኑንም ጣቱንም ሳያይ በፍጥነት ጻፈ። አያ ገበየሁ አጎንብሰው እያንዳንዷን ፊደል በጣታቸው እየተከተሉ፣ ግድግዳው ላይ ካለው የማኅበሩ የእንግሊዝኛ የስም ሰሌዳ ጋር አስተያዩ።]

ገበየሁ፦ ልክ ነው።

ምንይሉ፦ እንዴት ልክ ይሆናል?

[ዞሮ አየ። ልክ ነው። ደግሞ ጻፈ፤ ደግሞ ልክ ሆነ። ከዚያ ይበልጥ ቸኮለ፤ ያም ልክ ሆነ። እድሜውን ሙሉ ሲሳሳት የኖረ እጅ ዛሬ እምቢ አለው።]

ገበየሁ፦ አየህ? አንተ አይደለህም። ይስማው ነው።

ምንይሉ፦ እንግዲያው ስልኩን ይስጡኝ። እኔው ራሴ አናግረዋለሁ። በጆሮዬ ሳልሰማው ጥፋቴን አይወስድም።

ገበየሁ፦ ይሄውልህ።

[ሰጡት። ምንይሉ ቁልፉን ተጫነ። እንደገና ተጫነ። ስልኩ ጥቁር እንዳለ ቀረ።]

ምንይሉ፦ ይሄ ስልክ ጠፍቷል እኮ።

ገበየሁ፦ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል። ቻርጅ ላድርገው ብዬ ነው በጠዋት ወደዚህ የመጣሁት፤ ያን ምስኪን ሲንቀጠቀጥ ሳይ ረሳሁት።

ምንይሉ፦ ታዲያ ቅድም ከማን ጋር ነበር የሚያወሩት?

ገበየሁ፦ አንተ ከፈጠርከው ሰው ጋር ነዋ። ደህና ልጅ ነው፤ ጥፋቱን ያምናል።

ምንይሉ ከጠዋት ጀምሮ አላዋቂ ብሎ በሆዱ ሲስቅባቸው የዋለውን አስቦ አንገቱን ደፋ። አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። እንዴት አወቁብኝ ብሎ በቀስታ ጠየቃቸው። አያ ገበየሁ ሦስት አገር የተወለደ ሰው አላውቅም አሉት። ቤቱ መኖሩን አጣራ፣ ከሌለ ውጭ ይቁም ብለህ ያስተማርከኝ አንተው ነህ አሉት። እሳቸው ዘበኛ ሆነው በሩ ላይ ቆመው ነበር እንጂ፣ ጽጽቃም አምደወርቅም ማንንም አልጠየቁም። መጠየቅም አላስፈለጋቸውም፤ ገና ፊቱ ሲጠቁር ጠርጥረው ነበር፤ እየደጋገሙ ሲወጡ ልጁ ራሱ ያምናል ብለው ጠብቀው ነበር። እሱ ግን አገር እየጨመረ ሄደ።

[በዚህ መሃል ይመኙሻል በሩ ላይ ብቅ አለች። አባላቱ እንደላኳት ተናገረች፤ ቋሚ ሆኖ የተቀጠረው ይስማው የማን ልጅ ነው፣ አባቱን ንገሩን ብለዋል።]

ገበየሁ፦ የዚህ የምንይሉ ልጅ ነው በያቸው። ዛሬ ጠዋት ነው የተወለደው።

[ይመኙሻል ምንይሉን አየችው፤ ነገሩ ገብቷት ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና ሄደች። ወዲያው ከግቢው ትልቅ ሳቅ ተሰማ።]

ምንይሉ፦ አያ ገበየሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ግን አባላቱ እውነት አጨብጭበዋል?

ገበየሁ፦ አዎ፣ እሱስ እውነት ነው። ቋሚነቱ ለይስማው ጸድቋል፤ እኔም የጸደቀ ነገር አላፈርስም።

ምንይሉ፦ እኔስ ታዲያ?

ገበየሁ፦ አንተማ አባት ነህ። ልጁ ገና አራስ ነው፤ እስኪያድግ ድረስ ሥራውን አባቱ ይሠራለታል።